ሰዓት የሚቆጥር ማሊያ፣ ነጥብ የሚቆጥር ማሊያ

ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 የቱር ደ ፍራንስ የአረንጓዴ ማሊያ ባለቤት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የብስክሌት ውድድር ተከታትለው የማያውቁ ወዳጆቼ ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሡልኝ ጀመር። ቢንያም አሸነፈ ከተባለ ቢጫ ማሊያ ለብሶ የታየው ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር ያሸነፈው ምንድን ነው? በጠቅላላ ድምር ከፖጋቻር በሰዓታት ወደ ኋላ የቀረ ተወዳዳሪስ እንዴት ከእርሱ ጋር በአንድ የሽልማት መድረክ ላይ ሊቆም ቻለ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወደድሁ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቱር ደ ፍራንስ በአንድ መንገድ ላይ፣ በተመሳሳይ ቀን፣ ጎን ለጎን የሚካሄዱ የበርካታ ውድድሮች ድምር ነው። እያንዳንዱ ውድድር የራሱ መለኪያና የራሱ የደረጃ ሰንጠረዥ አለው፤ መለኪያው ሲለያይ በአሸናፊነት የሚወጣው ሰው ዓይነትም ይለያያል። አንዱ ሰንጠረዥ ሰዓት ይቆጥራል፣ ሌላው በፍጻሜ መስመር ላይ የተገኘ ቦታን፣ ሌላው ደግሞ ተራራ ጫፍ ላይ ቀድሞ መድረስን። ይህን ልዩነት ያልያዘ ተመልካች ሦስት ሳምንት ሙሉ ቢመለከት እንኳ ግማሹ ትግል ያመልጠዋል ብዬ አምናለሁ።

የውድድሩ አካል በየቀኑ አንድ አንድ እየሆኑ የሚካሄዱ 21 ምዕራፎች ናቸው፤ በመካከላቸው ሁለት የዕረፍት ቀናት አሉ። በ2024 ሃያ ሁለት ቡድኖች እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ብስክሌተኞች አሰልፈው፣ በድምሩ 176 ተወዳዳሪዎች ከጣሊያኗ ፍሎረንስ ተነሥተው ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጉዘዋል። ፓሪስ በዚያ ክረምት ኦሎምፒክን ለማስተናገድ ትዘጋጅ ስለነበር ፍጻሜው ኒስ ላይ ሆነ፤ ውድድሩ ከፓሪስና ከአካባቢዋ ርቆ ሲጠናቀቅ ይህ በታሪኩ የመጀመሪያው ነበር። ከምዕራፎቹ መካከል ሜዳማ የሆኑ፣ ኮረብታ የሚበዛባቸው፣ በከፍተኛ ተራሮች ላይ የሚያልፉ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚታገልባቸው የግል ክሮኖ ምዕራፎች አሉ። በየዕለቱ ፍጻሜ ዳኞች እነዚህን ሁሉ ሰንጠረዦች በየራሳቸው ስሌት ያሰላሉ፤ በማግስቱም የየሰንጠረዡ መሪ የተለየ ቀለም ያለው ማሊያ ለብሶ ይነሣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቢጫው ነው፤ እርሱ የሚቆጥረው ሰዓት ነው። የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የየዕለቱ ሰዓት ይደመርና ድምሩ ከሁሉ ያነሰው ሰው ይመራል። ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም እዚህ ላይ ለመድረስ ውድድሩ አሥር ዓመት ፈጅቶበታል። ቱር ደ ፍራንስን በ1903 የመሠረተው በኦንሪ ዴግራንዥ ይመራ የነበረው ሎቶ የተባለ የስፖርት ጋዜጣ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 60 ሰዎች ተነሥተው 21 ብቻ ጨረሱ፤ ሞሪስ ጋራንም አሸነፈ። በሁለተኛው ዓመት ግን ማጭበርበሩ ከመብዛቱ የተነሣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት ሁሉ ውጤታቸው ተሰርዞ፣ አምስተኛ የነበረው የ19 ዓመቱ ኦንሪ ኮርኔ አሸናፊ ተባለ። ከዚህ በኋላ አዘጋጆቹ ሰዓትን ትተው ከ1905 እስከ 1912 ድረስ አጠቃላይ አሸናፊውን የመረጡት በነጥብ ነበር። የነጥብ አሠራር ለዳኝነት ይቀልላል፤ ማን ከማን ቀደመ የሚለውን ማየት በቂ ነውና። ሆኖም ከፊቱ ከነበረው በአንድ ጎማ የተቀደመውና በአንድ ሰዓት የተቀደመው ሰው የሚያጡት እኩል ስለሚሆን፣ በተራራ ላይ ብቻውን ገንጥሎ የሄደ ሰው የድካሙን ያህል አያገኝም ነበር። በ1913 ሰዓት ተመልሶ መጣ፤ እስከ ዛሬም አልተነሣም።

የሰዓት ሕግ ምን ያህል ርኅራኄ የሌለው እንደሆነ ያሳየው ግን ያው የተመለሰበት ዓመት ነው። ኦዤን ክሪስቶፍ የተባለው ፈረንሳዊ በፒሬኔ ተራሮች ቱርማሌን አልፎ ሲወርድ የብስክሌቱ የፊት ሹካ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ብረት) ተሰበረ። በዚያ ዘመን ሕግ ተወዳዳሪ ብልሽቱን ያለማንም ረዳት ራሱ መጠገን ነበረበት። ክሪስቶፍ ብስክሌቱን ተሸክሞ በእግሩ ወደ ሴንት ማሪ ደ ካምፓን መንደር ወረደና በአንጥረኛ ቤት ገብቶ ብረቱን በገዛ እጁ አግሎ ቀጥቅጦ ሠራው፤ ዳኞች ደግሞ አጠገቡ ቆመው ይመለከቱ ነበር። በዚህ ሁሉ ሰዓታት ካጣ በኋላ፣ ወናፉን የነፋለት አንድ ልጅ ስለነበረ ብቻ ተጨማሪ የሰዓት ቅጣት ተጣለበት። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1919፣ መሪው ከሩቅ እንዲለይ ተብሎ የተሠራው ቢጫ ማሊያ ግሬኖብል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ለዚሁ ለክሪስቶፍ ነው። ቀለሙ ሎቶ ጋዜጣ ይታተምበት የነበረው ወረቀት ቀለም ነበር። በዚያው ዓመት ውድድሩ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው የክሪስቶፍ ሹካ እንደገና ተሰበረ፤ ድሉም ለቤልጂየማዊው ፊርማን ላምቦ ሆነ። ክሪስቶፍ ቱር ደ ፍራንስን አንድ ጊዜም ሳያሸንፍ ቀርቷል።

ዛሬ ብስክሌት ሲበላሽ ከኋላ የሚከተለው የቡድን መኪና ሌላ ያቀብላል፤ የሰዓት አቆጣጠሩም ከጥንቱ ይልቅ የታሰበበት ነው። በአንድ ላይ ተጠጋግቶ ለገባ ቡድን ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዓት ይመዘገባል፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ መቶ ሰባ ሰው ለአንድ ሰከንድ ሲል በፍጻሜው ይገፋፋ ነበር። በሜዳማ ምዕራፍ የመጨረሻ ሦስት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ የወደቀ ወይም ጎማው የተነፈሰበት ሰው አብሮት የነበረው ቡድን ሰዓት ይሰጠዋል፤ አዘጋጆቹ አስፈላጊ ሲሆን ይህን ርቀት ያስረዝሙታል። ለግል ክሮኖና ተራራ ጫፍ ላይ ለሚያልቁ ምዕራፎች ግን ይህ ከለላ የለም። ከዚህ በተጨማሪ በአብዛኛው ምዕራፍ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለሚገቡት 10፣ 6 እና 4 ሰከንድ ከጠቅላላ ሰዓታቸው ይቀነስላቸዋል። ይህን የሰከንድ ጉርሻ እደግፈዋለሁ፤ የቢጫው ተፎካካሪዎች እየተያዩ ብቻ ተያይዘው እንዳይገቡ ምክንያት ይሰጣቸዋልና።

ሰከንድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማሳየት የ1989ን ውድድር መጥቀስ ግድ ነው። በመጨረሻው ቀን ከቬርሳይ እስከ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር የግል ክሮኖ ነበር፤ አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ከፈረንሳዊው ሎረን ፊኞን በ50 ሰከንድ ወደ ኋላ ሆኖ ተነሣ። በዚያ ቀን 58 ሰከንድ አተረፈና ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ ውድድር በኋላ በ8 ሰከንድ አሸነፈ። በወንዶቹ ቱር ደ ፍራንስ ከዚህ የጠበበ ልዩነት እስከ ዛሬ አልታየም። በ2020 ደግሞ ፖጋቻር በዋዜማው ክሮኖ ላ ፕላንሽ ዴ ቤል ፊይ ተራራ ላይ የ57 ሰከንድ ጉድለቱን ወደ 59 ሰከንድ ብልጫ ለውጦ ከአገሩ ልጅ ከፕሪሞዝ ሮግሊች ላይ ቢጫውን ወሰደ።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አዲስ ተመልካቾችን ያስገርማል፤ ቢጫውን ለማሸነፍ አንድም ምዕራፍ ማሸነፍ አያስፈልግም። ኮሎምቢያዊው ኤጋን ቤርናል በ2019 ያሸነፈው እንዲህ ነው። በ19ኛው ምዕራፍ ኢዜራን የተባለውን ከፍታ ቀድሞ አልፎ እየገሰገሰ ሳለ፣ ወደፊት ባለው መንገድ ላይ በረዶና ናዳ በመውረዱ ውድድሩ ተቋረጠ፤ ሰዓት የተያዘውም በተራራው ጫፍ ላይ ሆነ። ቢጫውን አገኘ፤ የምዕራፍ አሸናፊ ግን በዚያ ቀን አልተሰየመም። ሁለት ሰዎች ሰዓታቸው እኩል ሲሆንስ? መጀመሪያ በክሮኖ የተመዘገቡት የሰከንድ ክፍልፋዮች ይታያሉ፤ ክሮኖ ገና ካልተካሄደ በየምዕራፉ የወጡባቸው ደረጃዎች ይደመሩና አነስተኛ ድምር ያለው ይመራል። በ2024 ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ ፖጋቻር፣ ሬምኮ ኤቨነፑል፣ ዮናስ ቪንገጎርና ሪቻርድ ካራፓዝ አራቱም እኩል ሰዓት ነበራቸው፤ ቢጫው በዚህ ስሌት ለካራፓዝ ስለተሰጠ ለኢኳዶር የመጀመሪያው ሆነ።

ያ ሦስተኛ ምዕራፍ ቱሪን ላይ ያለቀው፣ ቢንያም ግርማይ ያሸነፈው ምዕራፍ ነው።

አረንጓዴው ማሊያ የተጀመረው በ1953፣ የውድድሩ ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር ነው። ሰዓትን ፈጽሞ አይመለከትም። አንድ ተወዳዳሪ ተራራ ላይ ከመሪዎቹ ሠላሳ ደቂቃ ዘግይቶ ቢገባ ከነጥቡ ምንም አይጎድልበትም፤ በማግስቱ ሜዳ ላይ መጥቶ ቢያሸንፍ ደግሞ ሙሉ ነጥቡን ያገኛል። በ2024 በነበረው አሠራር ሜዳማ ምዕራፍ ላይ አንደኛ ለገባ 50፣ ለሁለተኛ 30፣ ለሦስተኛ 20 ነጥብ እየተሰጠ እስከ 15ኛ ይወርዳል። ኮረብታማ ምዕራፎች ከ30 ይጀምራሉ፤ ከባድ የተራራ ምዕራፎችና የግል ክሮኖ ከ20። በተጨማሪም በመንገዱ መሀል የተመረጠ ቦታ ላይ በሚደረገው ስፕሪንት፣ ማለትም አጭር የፍጥነት ፉክክር፣ ቀድሞ ለሚያልፍ 20 ነጥብ ይሰጣል። ከዚህ አሠራር እንደሚታየው ማሊያው የተሠራው በመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ሜትሮች ኃይላቸውን ሁሉ ለሚያፈነዱ ፈጣኖች ነው፤ ነገር ግን በፍጥነት ብቻ አይገኝም። የመሀል ስፕሪንቱ አንዳንዴ ከተራራ በኋላ ስለሚቀመጥ ያን ተራራ መሻገር የሚችል ፈጣን ከማይችለው ይበልጣል። ስሎቫካዊው ፒተር ሳጋን ሰባት ጊዜ ያሸነፈው፣ ብዙውን ጊዜ ከንጹሖቹ ስፕሪንተሮች ፈጥኖ ሳይሆን እነርሱ በማይደርሱባቸው ቦታዎች ሁሉ ተገኝቶ ነጥብ እየለቀመ ነው። ቤልጂየማዊው ዋውት ቫን አርት በ2022 የሰበሰበው 480 ነጥብም የዚሁ ዓይነት ችሎታ ውጤት ነበር።

አሁን ወደ ቢንያም እንመለስ። ከፒያቼንዛ እስከ ቱሪን ያለው ምዕራፍ ወደ 231 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን የዚያ ዓመት ረጅሙ ነበር። ቢንያም በዚያ ሲያሸንፍ በቱር ደ ፍራንስ ታሪክ ምዕራፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ፤ ኢንተርማርሼ ዋንቲ የተባለው ቡድኑም በዚህ ውድድር የመጀመሪያ ድሉን አገኘ። ከአምስተኛው ምዕራፍ በኋላ አረንጓዴውን ለበሰ። በስምንተኛው ምዕራፍ ኮሎምቤ ሌ ዴዝ ኤግሊዝ ላይ፣ ወደ ላይ በሚወጣ ፍጻሜ ዋና ተፎካካሪውን ቤልጂየማዊውን ያስፐር ፊሊፕሰንን ቀደመ፤ በ12ኛው ደግሞ ቪልነቭ ስዩር ሎት ላይ ሦስተኛ ድሉን ጨመረ።

ሦስቱ ድሎች በሁሉም አፍ ይነገራሉ። ለእኔ ግን የነጥብ ውድድርን ባሕርይ ይበልጥ የሚያሳዩት ያልዘመርንላቸው ቀናት ናቸው። በስድስተኛው ምዕራፍ ዲዦን ላይ ዲላን ግሩነወገን ሲያሸንፍ ፊሊፕሰን ሁለተኛ ገብቶ ነበር፤ ዳኞች ግን በስፕሪንቱ መስመሩን ለቅቆ ሌላ ተወዳዳሪ አግዷል ብለው አብሮት ከገባው የብስክሌተኞች ስብስብ መጨረሻ ላይ አወረዱት። የሁለተኛ ቦታው 30 ነጥብ ከእጁ ወጣ፤ ሦስተኛ የነበረው ቢንያም በምትኩ ሁለተኛ ተባለና 20 ሊሆን የነበረው ነጥቡ 30 ሆነ። ውድድሩ ሲያበቃ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት 33 ነጥብ እንደነበር ስናስብ፣ ዲዦን ላይ የተላለፈው ውሳኔ ክብደቱ ይገባናል። በሰዓት ሰንጠረዥ ይህ ውሳኔ ምንም ባልለወጠ ነበር።

ከዚያ 16ኛው ምዕራፍ ኒም ላይ መጣ። ስፕሪንተሮቹ ሊፋጠኑበት የሚችሉበት የመጨረሻው ሜዳማ ቀን ነበር። ቢንያም ፍጻሜው ሊደርስ በጣም ጥቂት ሲቀረው አደባባይ ላይ ወደቀ፤ ፊሊፕሰንም አሸንፎ 50 ነጥብ ወሰደ። ቀደም ሲል የጠቀስሁት የሦስት ኪሎ ሜትር ሕግ የወደቀውን ሰው ሰዓት ይጠብቅለታል፤ ነጥቡን ግን አይጠብቅለትም። ለቢጫ የሚወዳደር ሰው በዚያ ቦታ ቢወድቅ በሰንጠረዡ ላይ ምንም አያጣም፤ ለአረንጓዴው የሚወዳደረው ግን ዕለቱን ሙሉ ያጣል። የቢንያም ብልጫ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ 32 ነጥብ ወረደ፤ ገና የአልፕስ ተራሮች ከፊቱ ነበሩ። ከቁስሉ ጋር ተነሥቶ በቀሩት የመሀል ስፕሪንቶች ፊሊፕሰንን ከዓይኑ ሳያርቅ ተከታተለው፤ 387 ለ354 ነጥብም ጨረሰ። አረንጓዴ ማሊያን እስከ ፍጻሜው ያደረሰ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እርሱ ነው።

በተራራ ቀን ስፕሪንተር ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ነው። ሰዓት ለእርሱ ዋጋ የለውም ብያለሁ፤ ይህ ግን ገደብ አለው። የየዕለቱ አሸናፊ የገባበት ሰዓት ላይ የተወሰነ መቶኛ ተጨምሮ ሁሉም የሚገባበት የጊዜ ገደብ ይወጣል፤ መቶኛው እንደ ምዕራፉ ክብደትና እንደ አሸናፊው ፍጥነት ይለያያል። ከገደቡ ውጭ የገባ ሰው፣ አረንጓዴውንም ለብሶ ቢሆን፣ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ስለዚህ ከባድ ሰውነት ያላቸው ፈጣኖች ከኋላ ግሩፔቶ የሚባል ቡድን ሠርተው፣ ደቂቃዎችን እያሰሉ፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ተራራውን ይሻገራሉ። ቡድኑ በጣም ትልቅ ከሆነ ዳኞች ሁሉንም ማሰናበት ስለሚከብዳቸው ይምራሉ፤ ነገር ግን ቅጣት አለው። በ2011 ብሪታንያዊው ማርክ ካቨንዲሽ በ18ኛውና በ19ኛው ምዕራፍ ከሰማንያ በላይ ከሚሆኑ ሰዎች ጋር ገደቡን አልፎ ገባ፤ በውድድሩ ቢቀጥልም በሁለቱም ጊዜ 20፣ 20 ነጥብ ተቀነሰበት፤ እንዲያም ሆኖ አረንጓዴውን ፓሪስ ድረስ ይዞ ገብቷል። ቴሌቪዥን ይህን ትግል በቂ ጊዜ ሰጥቶ የማያሳየው መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ካሜራው ሁልጊዜ ከፊት ካሉት ጋር ነውና።

ነጭ መደብ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለው ማሊያ የተራራ ንጉሥ ይባላል። የተራራ ነጥብ መሰጠት የጀመረው በ1933 ሲሆን ማሊያው ግን ከ1975 ወዲህ የመጣ ነው፤ ነጠብጣቡም ያኔ ስፖንሰር ከነበረው ቸኮሌት አምራች ጋር የተያያዘ ነው። ዳገቶች እንደ ርዝመታቸውና እንደ አቀበታቸው ከአራተኛ እስከ አንደኛ ይመደባሉ፤ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጡት ደግሞ ከምድብ በላይ ይባላሉ። በአራተኛው ምድብ ጫፍ ላይ ቀድሞ ለሚደርስ 1 ነጥብ ብቻ ሲሰጥ ከምድብ በላይ በሆነው 20 ይሰጣል። ፈረንሳዊው ሪሻር ቪራንክ ሰባት ጊዜ በማሸነፍ ባለ ክብረ ወሰን ነው።

ይህ ማሊያ ለአፍሪካ ልዩ ቦታ አለው። በ2015 ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት በመጀመሪያው ሳምንት በትናንሾቹ ዳገቶች ላይ ነጥብ ለቅሞ ከስድስተኛው ምዕራፍ በኋላ ለብሶታል፤ ከአፍሪካውያን የመጀመሪያው ነበር። ይወዳደር የነበረውም ኤምቲኤን ኩቤካ ለተባለው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ነው። በማግስቱ ዓመት ኢትዮጵያዊው ጽጋቡ ግርማይ በላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ውስጥ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር ለአገሩ የመጀመሪያ ሆነ።

በተራራው ሰንጠረዥ አሠራር ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ትልቁ ነጥብ ያለው ለቢጫው የሚፋለሙት ሰዎች በሚገናኙባቸው ረጃጅም ተራሮች ላይ ስለሆነ፣ ማሊያው ሳያስቡት እጃቸው ውስጥ ይገባል። በ2020 እና በ2021 ፖጋቻር፣ በ2022 ቪንገጎር ቢጫውን ሲያሸንፉ የተራራውንም አብረው ወስደዋል፤ በ2025ም ፖጋቻር ይህንኑ ደግሞታል። እኔ የምመርጠው እንደ 2024ቱ ካራፓዝ ያለውን አሸናፊ ነው፤ በአጠቃላይ ሰዓት ተስፋው ካለቀ በኋላ በየቀኑ ተገንጥሎ እየወጣ፣ በ17ኛው ምዕራፍ ሱፐርዴቮሊ ላይ አሸንፎ፣ ማሊያውን አቅዶ ያገኘውን። የውድድሩን ታላቅ ተፋላሚ ሽልማትም ዳኞች የሰጡት ለእርሱ ነበር፤ ይህ ሽልማት በሰዓትም በነጥብም የማይሰላ፣ በዳኞች ምርጫ የሚሰጥ ብቸኛው ነው።

ነጩ ማሊያ ዕድሜያቸው እስከ 25 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች የተለየ ሲሆን ስሌቱ የቢጫው ስሌት ነው። ፖጋቻር ከ2020 እስከ 2023 በተከታታይ አራት ጊዜ አሸንፎታል። የቡድን ሰንጠረዥ ደግሞ በየምዕራፉ ቀድመው የገቡትን ሦስት የቡድኑን አባላት ሰዓት እየደመረ ይሄዳል። አንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ሰንጠረዥ ቢመራ የሚለብሰው ከፍተኛውን ብቻ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጠብጣብ፣ ነጭ ነው፤ የተረፈውን ማሊያ በዚያ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ያለው ይለብስለታል። ስለዚህ ነጠብጣብ ለብሶ የሚታየው ሰው ሁልጊዜ የተራራው መሪ ነው ማለት አይደለም።

ቢጫውን፣ አረንጓዴውንና የተራራውን በአንድ ዓመት ጠቅልሎ የወሰደ ሰው ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ ብቻ ነው፤ በ1969፣ ሁለተኛ የወጣውን በ17 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ቀድሞ። ዛሬ ይህ ሊደገም ይችላል ብዬ አላስብም። ተራራ የሚወጣ ቀላል ሰውነትና ሜዳ ላይ የሚፈነዳ ከባድ ጡንቻ እየተራራቁ ሄደዋል፤ ቡድኖችም ስምንቱን ሰዎቻቸውን ሲመርጡ ገና ከመነሻው ለየትኛው ሰንጠረዥ እንደሚሠሩ ይወስናሉ።

አሁን ባለው መልኩ በ2022 የተጀመረው የሴቶች ቱር ደ ፍራንስም በእነዚሁ መለኪያዎች ይመራል፤ ከላይ የዘረዘርኋቸው ሕጎች ሁሉ በአንድ ላይ ሲሠሩ ያየሁትም በእርሱ ነው። በ2024 መሪ የነበረችው ደች ዴሚ ፎለሪንግ በአምስተኛው ምዕራፍ ፍጻሜው ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ወደቀች፤ የሦስት ኪሎ ሜትሩ ከለላ ስላልደረሰላት 1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ከእጇ ወጣ። ቢጫው ወደ ፖላንዳዊቷ ካሲያ ኒየቪያዶማ ሄደ። በመጨረሻው ቀን ፎለሪንግ በ75 ሰከንድ ወደ ኋላ ሆና ተነሥታ አልፕ ዲዌዝ ላይ አሸነፈች፤ የአንደኛነት ጉርሻዋን 10 ሰከንድም አገኘች። ኒየቪያዶማ ከ61 ሰከንድ በኋላ አራተኛ ገባች። 61 እና 10 ሲደመሩ 71 ይሆናሉ፤ በቀሩት 4 ሰከንዶች ቢጫው የኒየቪያዶማ ሆነ።

በእነዚህ ሰንጠረዦች ሁሉ ውስጥ ቦታ ያላገኘ አንድ ሥራ አለ፤ የረዳቶቹ ሥራ። ከመሪያቸው ፊት ሆነው ነፋስ የሚገድሉ፣ ከመኪና ውኃ የሚያመላልሱ፣ ጎማው ለተነፈሰበት መሪያቸው የራሳቸውን ብስክሌት የሚሰጡ፣ ስፕሪንተራቸውን እስከ መጨረሻው ሦስት መቶ ሜትር አድርሰው ከመንገድ ገለል የሚሉ ሰዎች ሰዓትም ነጥብም አይቆጠርላቸውም። በቱር ደ ፍራንስ ለቢጫው አሸናፊ የሚከፈለው 500,000 ዩሮ፣ ለአረንጓዴውና ለተራራው 25,000 ዩሮ ሲሆን፣ በፔሎቶኑ፣ ማለትም በብስክሌተኞቹ ዘንድ በቆየ ልማድ መሠረት አሸናፊው ይህን ገንዘብ ለራሱ አያስቀረውም፤ ከቡድን ጓደኞቹ፣ ከመካኒኮቹና ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር ይካፈለዋል።